ሁለት ፎልደር አለኝ፤ ጄፔግ የሌለውን ሮው እንዴት ላጥፋው? (ኡቡንቱ፣ ሐዋሳ)

ሙሉ ፍሬም | የካቲት 2፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ቤተሰብ። ሐዋሳ ነኝ፣ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። የጥር ሰርግ ጨረሰኝ። እኔን ብቻ አይደለም፣ ሃርድ ዲስኬንም።

ካኖን ነው የምይዘው። እያንዳንዱን ፎቶ ሁለት አድርጎ ያስቀምጣል፣ አንድ ሮው (ለማቀነባበር የሚሆነው ጥሬው ፋይል)፣ አንድ ጄፔግ (ለማየት የተዘጋጀው)። ቁጥራቸው አንድ ነው፤ የሚለያየው ቅጥያቸው ነው። አንዱ ሲአር2 ይላል፣ ሌላው ጄፒጂ። ከካርድ ስገለብጥ ሮውን ለብቻ፣ ጄፔጉን ለብቻ ፎልደር አደርጋቸዋለሁ። ከዚያ ሙሽሮቹ ይመጣሉ፣ አጠገቤ ቁጭ ብለው ጄፔጉን እያዩ ይመርጣሉ። ሙሽሪት ዓይኗን የጨፈነችበት፣ ሚዜው ያዛጋበት፣ አጎት ካሜራው ፊት የተገተሩበት ሁሉ ይጠፋል።

የመጨረሻው ሰርግ 2,140 ፎቶ ነበር። ከምርጫ በኋላ 655 ጄፔግ ቀረ። ሮው ፎልደሩ ግን ያው 2,140 ነው። አንዱ ሮው ወደ 25 ሜጋባይት ስለሆነ፣ የማያስፈልጉት 1,485 ፋይሎች 37 ጊጋ ይዘውብኛል። ይሄ የአንድ ሰርግ ነው። በዚህ ጥር ዘጠኝ ሰርግ ሰርቻለሁ።

እስካሁን ሁለቱን ፎልደር ጎን ለጎን ከፍቼ በዓይኔ እያስተያየሁ ነበር የማጠፋው። ትናንት ሌሊት እስከ ሰባት ሰዓት አምሽቼ 300 ሳልደርስ መብራት ሄደ። በሼል ስክሪፕት፣ ማለትም ትዕዛዞችን ፋይል ውስጥ ጽፎ በማስኬድ፣ ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ። ማሽኑ ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ነው፣ ዊንዶውስ ሲከብደው ጊዜ የጫንኩለት። ተርሚናል ከፍቼ አውቃለሁ፣ ጎበዝ ግን አይደለሁም። የረዳኝ አሞራ ገደል አሳ ይጋበዛል።

የታቦር ልጅ | የካቲት 2፣ ከምሽቱ 2፡14

አሳው ሾርባ ነው ጥብስ? እሱ ሳይታወቅ መልስ የለም።

ቡና ከሰዓት | የካቲት 2፣ ከምሽቱ 2፡31

ቀላል ነው እኮ። አርሲንክ የሚባል ትዕዛዝ አለ። ዲሊት የሚለውን አማራጭ ስትጨምርበት፣ ምንጩ ላይ የሌለውን ፋይል መድረሻው ላይ ያጠፋልሃል። ጄፔጉን ምንጭ፣ ሮውን መድረሻ አድርገው። አንድ መስመር ናት። እኔ ለትምህርቴ ፋይሎች ሁሌ በእሱ ነው የምጠቀመው።

ሶስት ነጥብ | የካቲት 2፣ ከምሽቱ 2፡38

@ሙሉ ፍሬም እባክህ እሷን እንዳታስኬዳት!!

ቡና፣ ላንቺ ፋይሎች ልክ ነሽ፤ ሁለቱም ጋ ስሙ ከነቅጥያው አንድ ስለሆነ። አርሲንክ የሚያየው ሙሉውን ስም ነው። የእሱ ጄፔግ ፎልደር ውስጥ አንድም ሲአር2 የሚባል ፋይል የለም። ስለዚህ አርሲንክ ሮዎቹን በሙሉ "ምንጩ ላይ የሉም" ብሎ ይጠርጋቸዋል፣ በቦታቸው ጄፔጎቹን ይገለብጣል። 2,140 ሮው ጠፍቶ 655 ጄፔግ ሁለት ቦታ ይቀመጥለታል።

ቡና ከሰዓት | የካቲት 2፣ ከምሽቱ 2፡41

ውይ። ይቅርታ ወንድሜ። ቅጥያውን ልብ አላልኩትም።

ሙሉ ፍሬም | የካቲት 2፣ ከምሽቱ 2፡43

ተርሚናሉን ከፍቼ ልጽፋት ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ።

ጡረተኛው | የካቲት 2፣ ከምሽቱ 3፡20

ልጄ፣ ተርሚናሉን ለዛሬ ዝጋው።

እኔ ኮድ አልለጥፍልህም። ፋይል የሚያጠፋ ነገር ከሰው ገልብጦ ማስኬድ ለሌላ በሽተኛ የታዘዘ መድኃኒት እንደመዋጥ ነው። በቃል እነግርሃለሁ፣ አንተ በእጅህ ትጽፈዋለህ። የጻፍከው ይገባሃል፤ ካልገባህ ደግሞ ትጠይቀኛለህ።

መጀመሪያ ግን ንገረኝ። ሮው ፎልደሩ ውስጥ ሌላ ፎልደር አለ ወይስ ሁሉም አንድ ላይ ነው? ፎልደሮቹ ስማቸው ውስጥ ክፍተት አለ? ጄፔጉን ስትመርጡ በምን ፕሮግራም ነው? ስም የሚቀይር ሰው አለ? ባክአፕስ አለህ?

ሙሉ ፍሬም | የካቲት 2፣ ከምሽቱ 3፡34

ጋሼ አመሰግናለሁ። ሁሉም አንድ ላይ ነው፣ ውስጡ ሌላ ፎልደር የለም። ዋናው ፎልደር "የጥር ሰርጎች" ነው የሚባለው፣ ክፍተት አለው። ምርጫው ሌላ ላፕቶፕ ላይ በዊንዶውስ ነው፣ ሲያልቅ በፍላሽ ወደ ኡቡንቱው እመልሰዋለሁ። ስም የሚቀይር የለም። ባክአፕ… የለኝም። ካርዱን ፎርማት አድርጌዋለሁ።

ጡረተኛው | የካቲት 3፣ ጠዋት 1፡05

ባክአፕ እንደሌለህ ከሰማሁ ወዲያ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሺ።

ስክሪፕቱ በሰው ቋንቋ ይሄ ነው። ከሮው ፎልደር ፋይሎቹን አንድ በአንድ አንሳ። ቅጥያውን ቁረጥ። በቀረው ስም ላይ የጄፔጉን ቅጥያ ቀጥል። እንዲህ የሚባል ፋይል ጄፔግ ፎልደር ውስጥ አለ? ካለ እለፈው። ከሌለ የሮውን ስም ጻፍልኝ። አጥፋ አላልኩም፣ ጻፍልኝ ነው ያልኩት።

ወደ ባሽ፣ ማለትም ትዕዛዝህን ወደሚያነበው ሼል፣ ስናመጣው፣ "አንድ በአንድ አንሳ" የሚለው ፎር ነው። የፎልደሩን አድራሻ ከፊቱ ላይ የሚያነሳልህ ቤዝኔም ነው። ቅጥያ ለመቁረጥ ተለዋዋጩን (የፋይሉን ስም የያዘልህን ቃል) ጠምዛዛ ቅንፍ ውስጥ ከተህ፣ ከስሙ ቀጥሎ ፐርሰንት፣ ነጥብ፣ ኮከብ ትጽፋለህ። አንድ ፐርሰንት ከመጨረሻው ነጥብ ወዲህ ያለውን ነው የሚቆርጠው፤ ሁለት ፐርሰንት ከመጀመሪያው ነጥብ ጀምሮ ይቆርጣል። አንተ አንዱን ነው የምትፈልገው። "አለ?" የሚለው ጥያቄ በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ሰረዝ ኢ ነው። ቃለ አጋኖ ከፊቱ ስታስቀድምበት "የለም?" ይሆናል። ቅንፉን ከውስጡ ጋር አታጣብቀው፣ በሁለቱም በኩል ክፍተት ይፈልጋል። "ጻፍልኝ" ደግሞ ኤኮ ነው።

ተለዋዋጭ የጻፍክበት ቦታ ሁሉ ድርብ ጥቅስ አድርግ። ያለ ጥቅስ ከሄድክ ሼሉ "የጥር ሰርጎች"ን አንድ ፎልደር አይለውም። "የጥር" አንድ ነገር፣ "ሰርጎች" ሌላ ነገር ይሆንበታል። ሰው ክፍተት ያነባል፣ ሼል በክፍተት ይቆርጣል።

ጽፈህ አስኪደውና የወጣውን ንገረን። አርኤም የሚለውን፣ ፋይል የሚያጠፋውን ቃል፣ በዚህ ሳምንት እንዳላይብህ።

የታቦር ልጅ | የካቲት 3፣ ጠዋት 2፡00

ጋሼ እንደ አስኳላ ጊዜ ሊያስጠኑን ነው። ደስ ይላል።

ሙሉ ፍሬም | የካቲት 3፣ ከሰዓት 8፡15

ጻፍኩት ጋሼ። ዘጠኝ መስመር ሆነ። ግን አልሄደም። "ዱ" የሚለው ቃል አጠገብ ስህተት አለ ይለኛል። አሥር ጊዜ አየሁት፣ "ዱ" ትክክል ነው! ብቻ በስህተቱ መልእክት ላይ ከ"ዱ" ኋላ ወደ ኋላ ያዘነበለ ጭረትና "አር" የምትል ፊደል ተለጥፋለች። እኔ አልጻፍኳትም።

ሶስት ነጥብ | የካቲት 3፣ ከሰዓት 8፡22

የጻፍከው ላፕቶፑ ላይ ነው አይደል? በዊንዶውስ ኖትፓድ?

ሙሉ ፍሬም | የካቲት 3፣ ከሰዓት 8፡23

እንዴት አወቅክ

ሶስት ነጥብ | የካቲት 3፣ ከሰዓት 8፡30

ዊንዶውስ መስመር ሲጨርስ ሁለት የማይታዩ ምልክቶች ያስቀምጣል፣ ሊኑክስ አንድ ብቻ። ትርፏን ምልክት ባሽ የቃሉ አካል አድርጎ ያነባታል። "ዱ" ሳይሆን "ዱ እና የሆነ ነገር" ሆኖበታል። ዶስቱዩኒክስ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች፣ ፋይሉን ስትሰጣት ታጸዳዋለች። ወይ እዚያው ኡቡንቱው ላይ በናኖ (የተርሚናሉ ጽሑፍ መጻፊያ) እንደገና ጻፈው።

ጡረተኛው | የካቲት 3፣ ከሰዓት 9፡10

ትርፏ ምልክት ዕድሜዋ ከእኔም ይበልጣል። በጽሕፈት መኪና የሰራ ሰው ያውቃታል። መስመሩ ሲያልቅ አንድ እጅ ጋሪውን ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል፣ ወረቀቱም አንድ መስመር ከፍ ይላል። ሁለት ሥራ ነው። ዊንዶውስ ሁለቱንም እስከ ዛሬ ይጽፋል። ሊኑክስ ወረቀት የለም ብሎ አንዷን ጥሏታል።

በናኖ እንደገና ጻፈው ልጄ። ሁለተኛ ስትጽፈው ይበልጥ ይገባሃል።

ሙሉ ፍሬም | የካቲት 3፣ ከምሽቱ 1፡48

ሄደ! ግን ሌላ ጉድ። 2,140ውንም "የለም" ብሎ ዘረዘረልኝ። አንድ እንኳ የተረፈ የለም። ጄፔጎቹ እዚያው ናቸው፣ በዓይኔ እያየኋቸው ነው።

ሶስት ነጥብ | የካቲት 3፣ ከምሽቱ 1፡55

የአንዱን ጄፔግ ስም ከነቅጥያው ፊደል በፊደል እይልኝ። በትልቁ ነው የተጻፈው በትንሹ?

ሙሉ ፍሬም | የካቲት 3፣ ከምሽቱ 2፡01

ካሜራው በትልቁ ነበር የሚጽፈው። አሁን ያሉት ግን ቅጥያቸው በትንሹ ሆኗል። ላፕቶፑ ላይ ያለው የመምረጫ ፕሮግራም ቀይሮት መሆን አለበት። ስክሪፕቴ የሚፈልገው በትልቁ ነው።

ሶስት ነጥብ | የካቲት 3፣ ከምሽቱ 2፡09

እሱ ነው። ዊንዶውስ ላይ ትልቁም ትንሹም አንድ ፋይል ነው። ያንተ ኡቡንቱ ዲስክ ላይ ግን ሁለት የተለያየ ስም ነው። ሁለቴ ጠይቅ፤ በትልቁ የለም? በትንሹስ የለም? ሁለቱም "የለም" ካሉ ብቻ ስሙን ይጻፍ።

በመሃላቸው የምታስገባው "እና" ነው እንጂ "ወይም" አይደለም። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች። "ወይም" ካልክ፣ ጄፔጉ በትንሹ ቢኖርም በትልቁ ስለሌለ "የለም" ይልሃል። ያው 2,140 ይመጣልሃል።

ጡረተኛው | የካቲት 3፣ ከምሽቱ 2፡40

ሙሉ ፍሬም፣ እስቲ አንድ ነገር አስብ። ኤኮ ባለበት ቦታ አርኤም ቢሆን ኖሮ አሁን ምን ይዘህ ነበር?

ሙሉ ፍሬም | የካቲት 3፣ ከምሽቱ 2፡42

ምንም 😶

ዳታ አዳኝ | የካቲት 3፣ ከምሽቱ 3፡15

ከአዳማ ነው የምጽፈው፤ ይሄን ክር ከትናንት ጀምሮ ዝም ብዬ እያነበብኩ ነበር። ዝም ማለት አልቻልኩም። ይሄ ነገር በእኔ ላይ ደርሷል።

የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ስቱዲዮ ውስጥ እሰራ ነበር። ሮው የማሽኑ ውስጥ ዲስክ ላይ፣ የተመረጠው ጄፔግ ኤክስተርናል ላይ ነበር። ልክ እንዳንተ አይነት ስክሪፕት ጻፍኩ፣ በአርኤም። ደጋግሜ ሞከርኩት፣ ደህና ሰራ። ተመቸኝና ክሮን ላይ አስገባሁት፣ በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ራሱ እንዲሄድ። ኤክስተርናሉን ደግሞ ማሽኑ ሲነሳ ሁሌ አንድ ቋሚ ፎልደር ላይ እንዲቀመጥ አድርጌው ነበር፤ ባይገኝም ዝለለው ብዬ።

አንድ ሌሊት መብራት ሄዶ መጣ። ማሽኑ ራሱ ተነሳ። ኤክስተርናሉ ግን ገመዱ ላልቶ ነበር መሰለኝ፣ አልተነሳም። ፎልደሩ አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ስክሪፕቴ መጣና እያንዳንዱን ሮው ጠየቀ፤ ጄፔግ አለህ? የለም። አለህ? የለም። ከ4,000 በላይ ሮው። አንድ ስህተት እንኳ አላወጣም። እሱ የታዘዘውን ነው የሰራው።

ጠዋት ስገባ ፎልደሩ ንጹህ ነው። ያልተሰጠ የሁለት ሰርግና የአንድ ምረቃ ሥራ ነበረበት።

አርኤም ቆሻሻ ቅርጫት የለውም፣ ታውቃላችሁ። ማሽኑን ወዲያው አጠፋሁ፤ ብቸኛው ያደረግኩት ትክክለኛ ነገር እሱ ነው። ምክንያቱም የጠፋ ፋይል ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ዲስኩ ላይ አለ። ዲስኩን አውጥቼ ሌላ ማሽን ላይ በፎቶሬክ፣ የጠፋ ፋይል በሚመልስ ፕሮግራም፣ ፈለግኩት። ፎቶሬክ ስም አያይም፣ የፋይሉን ይዘት እያየ ነው የሚለቅመው። ብዙውን መለሰልኝ፣ ግን ስማቸው ሁሉ ጠፍቶ "ኤፍ" እና ረጅም ቁጥር ሆነው። የማን ሰርግ የትኛው እንደሆነ በፊት እየለየሁ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ተቆርጦ ግማሹ ግራጫ የሆነም ነበር።

ያ የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ስለሆነ ነው። ኤስኤስዲ ቢሆን ኖሮ ተስፋ የለም ማለት ይቻላል። ኡቡንቱ በሳምንት አንዴ ለኤስኤስዲው "ይሄ ቦታ ነጻ ነው" እያለ ይነግረዋል፣ እሱም ያጸዳዋል።

ቡና ከሰዓት | የካቲት 3፣ ከምሽቱ 3፡22

አነበብኩና ሆዴን ቆረጠኝ።

ጡረተኛው | የካቲት 3፣ ከምሽቱ 3፡50

ዳታ አዳኝ፣ ስለተናገርከው ተባረክ። ሰው የሰራውን ስህተት ሲደብቅ ነው ሌላው የሚደግመው።

ሙሉ ፍሬም፣ ከፎሩ በፊት በር ጠባቂ አቁም። መጀመሪያ ሁለቱም ፎልደሮች መኖራቸውን ይይ፤ ሰረዝ ዲ ነው እሱ። መኖር ግን አይበቃም። የዳታ አዳኝ ፎልደር እኮ ነበረ! ስለዚህ ጄፔጎቹን ይቁጠር። ዜሮ ከሆኑ፣ ወይም አንተ ከምታውቀው በታች ከሆኑ፣ ምንም ሳይነካ ይውጣ። እኔ አንተን ብሆን 100 እላለሁ። ከመቶ ፎቶ በታች የመረጠ ሙሽራ አይተሃል?

ሙሉ ፍሬም | የካቲት 3፣ ከምሽቱ 3፡53

በሕይወቴ አላየሁም። ሁሉም "ይሄም ይግባ" ነው የሚሉት።

የታቦር ልጅ | የካቲት 3፣ ከምሽቱ 4፡00

በቁም ነገር አንድ ልጨምር። መሰረዝ የሚችል ፋይንድ የሚባልም አለ። እሱ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚያስበው። "አጥፋ" የሚለውን "ስሙ እንዲህ የሆነውን" ከሚለው በፊት ከጻፋችሁት፣ ስሙን ሳይጠይቅ ያጠፋል። አስተማሪዬ አልነበረም ያስተማረኝ፣ የራሴ የሙዚቃ ፎልደር ነው።

ሙሉ ፍሬም | የካቲት 4፣ ጠዋት 4፡20

በር ጠባቂ አቆምኩ። ሁለቴ እንዲጠይቅ አደረግኩ። "እና" ነው ያልኩት። ወጣልኝ! 1,487 ሮው ጄፔግ የላቸውም አለ። ጋሼ፣ አሁን ላጥፋ?

ጡረተኛው | የካቲት 4፣ ጠዋት 4፡31

ስንት?

ሙሉ ፍሬም | የካቲት 4፣ ጠዋት 4፡32

1,487

ጡረተኛው | የካቲት 4፣ ጠዋት 4፡40

የመጀመሪያው ጽሑፍህ ላይ 1,485 ብለሃል። 2,140 ሲቀነስ 655። ሁለት ትርፍ ከየት መጣ?

ሙሉ ፍሬም | የካቲት 4፣ ጠዋት 4፡44

ሁለት ብቻ ነው እኮ ጋሼ…

ሶስት ነጥብ | የካቲት 4፣ ጠዋት 4፡58

ሁለቱን አትናቃቸው። ሁለት ሮው ትርፍ ወጣ ማለት ሁለት ጄፔግ ሮው አጥቷል ማለት ነው። በግልባጩ ጠይቅ፤ ሮው የሌለው ጄፔግ የቱ ነው?

ለዚህ ኮም የሚባለው ትዕዛዝ ይመቻል። የሁለቱንም ፎልደር ስሞች ቅጥያቸውን ቆርጠህ በሁለት የጽሑፍ ፋይል አስቀምጥ፣ ሁለቱንም በሶርት ደርድራቸው፣ ከዚያ ለኮም ስጠው። ኮም ሦስት ዓምድ ያወጣል። አንደኛው ውስጥ ብቻ ያለ፣ ሁለተኛው ውስጥ ብቻ ያለ፣ ሁለቱም ጋ ያለ። የማትፈልገውን ዓምድ በቁጥሩ ትደብቃለህ። ሮው አንደኛ፣ ጄፔግ ሁለተኛ ከሆነ፣ ሰረዝ 13 ስትለው ሮው የሌላቸው ጄፔጎች ብቻ ይቀራሉ። ሁለቱ ዝርዝሮች በአንድ አይነት ሥርዓት ካልተደረደሩ ግን ኮም ይዋሻል፣ ተጠንቀቅ።

ሙሉ ፍሬም | የካቲት 4፣ ቀን 6፡30

አገኘኋቸው።

አንዱ ስሙ "ትልቁ ፍሬም" ነው። ሌላው "ትልቁ ፍሬም 2"።

የሙሽሪት እህት ናት። ምርጫው ላይ አብራ ተቀምጣ ነበር። ሳሎን የሚሰቀሉትን ሁለቱን ፎቶዎች እንዳይጠፉባት ብላ ስማቸውን ቀየረቻቸው። ስም የሚቀይር የለም ብያችሁ ነበር፣ አላየኋትም። ማለትም ከ2,140ው ውስጥ በትልቁ የሚታተሙት እነዚያ ሁለቱ ናቸው፣ ሮዋቸው ይጠፋ የነበረውም የእነዚያው ነው። በትልቁ ለማተም ደግሞ ከሮው ነው የምሰራቸው።

ቡና ከሰዓት | የካቲት 4፣ ቀን 6፡33

አይይይይይይ

ዳታ አዳኝ | የካቲት 4፣ ቀን 6፡41

ሮዋቸውን ለማግኘት ስማቸውን ተወው፣ የተነሱበትን ሰዓት ተከተል። ካሜራው ሰዓቱን በሁለቱም ፋይል ውስጥ ጽፎታል፣ ስም ሲቀየር አይነካም። ኤክሲፍቱል ጫን፣ ጄፔጉን ስጠው፣ ሰዓቱን እስከ ሴኮንድ ያወጣልሃል። ከዚያ ያን ሰዓት ሮዎቹ ውስጥ ፈልግ። በአንድ ሴኮንድ ብዙ ፍሬም ካነሳህ ቁጥሩ ሁለት ሦስት ይሆናል፤ ከእነሱ በዓይንህ ትለያለህ።

ሙሉ ፍሬም | የካቲት 4፣ ከሰዓት 7፡15

ተገኙ፣ ሁለቱም። ስማቸውን ወደ ድሮው መለስኩት። አሁን 1,485 ይላል። ልክ 1,485።

መዝገብ ቤት | የካቲት 4፣ ከሰዓት 9፡00

እኔ ፎቶ አንሺ አይደለሁም፣ የቢሮ ሰነድ ነው የማስቀምጠው። ግን ስም ያላችሁት ነገር ስለነካኝ ልናገር።

እኛ ጋ ሁለት ልጆች ስካን ያደርጋሉ። ሁለቱም ፋይሉን በአማርኛ ነው የሚሰይሙት። አንደኛዋ "ሠራተኛ" ትላለች፣ ሁለተኛው "ሰራተኛ"። አንደኛዋ "ፀሐይ"፣ እሱ "ጸሀይ"። ለአንባቢ አንድ ነው። ለኮምፒውተር ሁለት የተለያየ ፊደል ነው፣ "ሀ" እና "ለ"ን ያህል ይራራቁበታል። ባለፈው ሁለት ፎልደር ስናመሳክር ግማሹ አቻ የለውም አለን። ጠፍቶ አይደለም፣ "ሠ"ና "ሰ" ናቸው። የከተማችንን ስም እንኳ አንዱ "ሀዋሳ"፣ አንዱ "ሐዋሳ"፣ ትልልቆቹ ደግሞ "አዋሳ" እያሉ ጽፈውታል። ሦስት ፎልደር ሆኗል።

መፍትሔያችን፣ ከማመሳከራችን በፊት ስሞቹን ወደ አንድ ፊደል እንቀይራለን። ሴድ የሚባለው ትዕዛዝ ይሰራዋል፤ "ሠ"ን "ሰ"፣ "ሐ"ንና "ኀ"ን "ሀ"፣ "ፀ"ን "ጸ"። ከነዘራቸው ነው ታዲያ፣ "ሡ"ም "ሢ"ም አለ። የፋይሉ ስም ራሱ አይነካም፣ የሚቀየረው ዝርዝሩ ላይ ብቻ ነው።

ሌላም፤ የአማርኛ ፊደል እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል። ሊኑክስ ላይ የአንድ ፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም። ስለዚህ በአማርኛ 85 ፊደል ነው ጣሪያው። የደብዳቤውን ጉዳይ በሙሉ በፋይል ስም ላይ ለሚጽፉ ወገኖቼ ነው ይሄን የምለው። 😅

ጡረተኛው | የካቲት 4፣ ከሰዓት 9፡25

መዝገብ ቤት እህቴ፣ ይሄን በጣም ወደድኩት። በእኛ ጊዜ የፋይል ስም ስምንት ፊደል ነበር፣ ያውም በላቲን።

ሙሉ ፍሬም፣ ቁጥሩ ገጥሟል። አሁንም አርኤም የለም። ኤኮውን ወደ ኤምቪ፣ ፋይል ወደሚያዛውረው ትዕዛዝ፣ ቀይረው። "ሊጣል" የሚባል ፎልደር እዚያው ዲስክ ላይ ክፈትና ወደዚያ ይውሰዳቸው። ሰረዝ ኤን ጨምርበት፣ በተመሳሳይ ስም ፋይል ላይ እንዳይደርብ።

ሙሉ ፍሬም | የካቲት 4፣ ከሰዓት 9፡31

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእኔ ችግር ቦታ ነበር። ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ ፎልደር ካዞርኩት 37 ጊጋው መቼ ይለቀቅልኛል?

ጡረተኛው | የካቲት 4፣ ከሰዓት 9፡44

አይለቀቅም። እውነትህን ነው። እዚያው ዲስክ ላይ ማዛወር አድራሻ መቀየር ነው፣ ፋይሉ ከቦታው አይነሳም። ለዚህ ነው በአንድ ሴኮንድ የሚያልቀው።

ቦታውን የምታገኘው ሙሽሮቹ አልበማቸውን ተረክበው ሲሄዱ ነው። ያን ቀን "ሊጣል"ን ከፍተህ ታያለህ፣ ከዚያ ታጠፋዋለህ። እስከዚያ 37 ጊጋው ኪራይ ነው በለው።

ዳታ አዳኝ | የካቲት 4፣ ከሰዓት 9፡52

በዚህ ላይ ከጋሼ ትንሽ እለያለሁ። ዘጠኝ ሰርግ ሲሆን ኪራዩ ይከብዳል፣ ዲስኩ ሞልቶ አዲስ ሥራ መገልበጥ ካቃተው ሌላ አደጋ ነው። አንድ ርካሽ ኤክስተርናል ግዛና "ሊጣል"ን ወደዚያ አውጣው። ያኔ ኤምቪ በእርግጥ ይገለብጣል፣ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። መብራት በማይሄድበት ሰዓት አድርገው፣ ካለ።

የታቦር ልጅ | የካቲት 4፣ ከሰዓት 9፡55

"ካለ" 😂

ሶስት ነጥብ | የካቲት 4፣ ከሰዓት 10፡10

አንድ ጥያቄ። ካሜራ አንድ ብቻ ነው?

ሙሉ ፍሬም | የካቲት 4፣ ከሰዓት 10፡12

ሰርግ ላይ አንድ ነው። አምና ለፍቼ ጫምባላላ ጉዱማሌ ላይ ግን ከረዳቴ ጋር በሁለት ካሜራ ነው ያነሳነው። እሱም በዚሁ መንገድ መጽዳት አለበት።

ሶስት ነጥብ | የካቲት 4፣ ከሰዓት 10፡25

እሱን በዚህ ስክሪፕት አትንካው። የካኖን ቁጥር 9999 ሲደርስ ተመልሶ ከ0001 ይጀምራል። የሁለት ካሜራ ቁጥሮች መገጣጠማቸው አይቀርም። ያንተ 2041 ሽማግሌዎቹ ናቸው፣ የረዳትህ 2041 ጫማ ነው እንበል። የጫማውን ጄፔግ አጥፍተህ የሽማግሌዎቹን ካስቀረህ፣ ስክሪፕቱ ለሁለቱም ሮው "አለ" ይላል። በግልባጩ ደግሞ ሁለቱን አንድ ፎልደር ውስጥ ስትገለብጥ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ሊሆንም ይችላል። መጀመሪያ በካሜራ ለይ፣ እያንዳንዱን ለብቻው አስኪድ። የካሜራው መለያ ቁጥርም ፋይሉ ውስጥ አለ፣ ኤክሲፍቱል ያሳይሃል።

አወያይ | የካቲት 5፣ ጠዋት 3፡00

አርሲንክ ያለችውን መልስ ላይ ማስጠንቀቂያ ለጥፌያለሁ። አልሰረዝኳትም፣ ከሥሯ ያለው ማብራሪያ ይጠቅማል። ቡና ከሰዓት፣ ቅር እንዳይልሽ።

ቡና ከሰዓት | የካቲት 5፣ ጠዋት 3፡20

ምንም አይደል። ትናንት የራሴንም አርሲንክ ሄጄ አየሁት። ሰረዝ ኤን ስትጨምርበት ሳይነካ ምን ሊያደርግ እንደነበር ብቻ ይነግራል። አንድ ዓመት ስጠቀምበት አላውቅም ነበር።

ሙሉ ፍሬም | የካቲት 9፣ ከምሽቱ 1፡30

ሪፖርት ለማቅረብ ነው የተመለስኩት።

ዘጠኙንም ሰርግ አስኬድኩ። ኤክስተርናል ገዛሁ፣ "ሊጣል" እዚያ ነው። በእያንዳንዱ ላይ መጀመሪያ በኤኮ፣ ከዚያ መደመርና መቀነስ፣ ከዚያ በግልባጩ በኮም፣ ከዚያ ኤምቪ። በሁለት ሰርግ ላይ እንደገና ስማቸው የተቀየረ ጄፔጎች አገኘሁ። አንደኛው "እማዬ" ነው የሚለው።

አምስተኛው ሰርግ ላይ በር ጠባቂው አላስገባም አለኝ። "ጄፔግ 0፣ ወጥቻለሁ" ብሎ ቆመ። ተናደድኩ፣ የተበላሸ መስሎኝ። ፎልደሩን ስከፍት እውነትም ባዶ ነው። ምርጫውን በፍላሽ ወደ ቤታቸው ይዘው ሄደው ነበር፣ እስካሁን አልመለሱልኝም። እኔ ደግሞ መልሰውልኛል ብዬ ነበር የማስበው። ደወልኩላቸው፣ ፍላሹ የሙሽራው ሱሪ ኪስ ውስጥ ተገኝቷል። ታጥቧል። ይሰራል ግን።

ጋሼ፣ ሶስት ነጥብ፣ ዳታ አዳኝ፣ መዝገብ ቤት፣ ቡና፣ እሁድ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ አሞራ ገደል ነኝ። ከአዳማ የሚመጣው የትራንስፖርቱን ራሱ ይችላል።

ጡረተኛው | የካቲት 9፣ ከምሽቱ 2፡05

እመጣለሁ ልጄ። ሾርባውን አስቀድመህ እዘዝ፣ እሁድ ቶሎ ያልቃል።

የታቦር ልጅ | የካቲት 9፣ ከምሽቱ 2፡07

እኔ ስሜ አልተጠራም። ስክሪፕቱ አቻ የለውም ብሎ ነው?

ሙሉ ፍሬም | የካቲት 9፣ ከምሽቱ 2፡11

አንተ "ሊጣል" ውስጥ ነህ። ና በቃ። ቆሮሶ ነው አምባዛ?

የታቦር ልጅ | የካቲት 9፣ ከምሽቱ 2፡12

ቆሮሶ። ጥብስ።